የጠበበው ቧንቧ ወይስ ሊፈነዳ ያለው? የደም ቅዳ ምርመራዎችን አነጻጽሮ ለመምረጥ

ትሬድሚል ላይ ሮጦ፣ ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ንጹሕ ሆኖ፣ "ልብህ ደህና ነው" ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው በወራት ውስጥ ሃርት አታክ ሲመታው ዘመድ አዝማዱ ወይ ሐኪሙን ይወቅሳል ወይ መሣሪያውን። ብዙ ጊዜ ግን ማንም አልዋሸም። ምርመራው የተጠየቀውን መልሷል፤ የተጠየቀው ነው ሌላ። ትሬድሚል የሚያውቀው "ልብ ሲለፋ ደም ይበቃዋል ወይ?" የሚለውን ብቻ ነው። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ነገ ሊፈነዳ የሚችል ክምችት መኖር አለመኖሩን አያይም።

ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ምርመራ የሚመርጠው በመሣሪያው ዝና ነው፦ ትልቁን፣ አዲሱን፣ ውዱን። ስለዚህ ወደ መሣሪያዎቹ ከመግባታችን በፊት የምንፈልገውን ነገር ምንነት እንየው።

የሚፈለገው ምንድን ነው?

ኮሌስትሮል በደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ሲከማች፣ ሊያጸዱት የገቡት ነጭ የደም ሴሎች ከአቅማቸው በላይ ውጠው እዚያው ይሞታሉ። ቅባቱና የሞቱት ሴሎች ተደባልቀው መግል መሰል ለስላሳ እምብርት ይሠራሉ፤ ሰውነት ደግሞ በላዩ ጠባሳ የመሰለ ክዳን ያበጅለታል። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ፕላክ ይባላል። ክዳኑ ወፍራም ሲሆን ሰውየው ፕላኩን ይዞ ዕድሜ ልኩን ሊኖር ይችላል። ክዳኑ ስስ፣ እምብርቱ ትልቅ፣ ዙሪያው በብግነት የተቆጣ ሲሆን ግን የተዳፈነ እሳት ነው። አንድ ቀን ክዳኑ ይሰነጠቃል፣ ደሙ ከእምብርቱ ጋር ሲገናኝ ይረጋል፣ ቧንቧውም በደቂቃዎች ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። በልብ ላይ ከሆነ ሃርት አታክ፣ ወደ አንጎል በሚወስደው ቧንቧ ላይ ከሆነ ስትሮክ ይሆናል። በአስከሬን ምርመራ የተለኩት የፈነዱ ክዳኖች አብዛኞቹ ከ65 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሳሱ ነበሩ፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ብዙም አይርቅም። ይህችን 65 ቁጥር ያዙልኝ፤ መሣሪያዎቹን የምንመዝነው በእሷ ነው።

ሌላው ሰውን የሚያዘናጋ ነገር ቧንቧው ራሱ ፕላኩን መሸሸግ ማወቁ ነው። ሲሞር ግላጎቭና ባልደረቦቹ በ1987 እንዳሳዩት፣ ፕላክ ሲያድግ ቧንቧው በመጀመሪያ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ፕላኩ ከቧንቧው ስፋት 40 በመቶ ያህሉን እስኪይዝ ድረስ የደም መተላለፊያው አይጠብም። ብዙ ሃርት አታክ የሚነሣው ቀደም ሲል መካከለኛ ወይም ቀላል መጥበብ ብቻ ከነበረበት ቦታ መሆኑ የሚገባን ከዚህ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ ሁሉም የደም መርጋት ከመሰንጠቅ አይመጣም። ክዳኑ ሳይሰነጠቅ የውስጠኛው ስስ ሽፋን ብቻ ተልጦም ደም ሊረጋ ይችላል፤ ያኔ "ስስ ክዳን" ፍለጋው ራሱ ያመልጠናል።

ካልሲየም ስኮር፦ ፈጣን፣ ቀላል፣ ግን ጠባሳ ቆጣሪ

ኮንትራስት (ቧንቧው በምስሉ ላይ ጎልቶ እንዲታይ የሚሰጥ ፈሳሽ) የማይወጋበት፣ አንዴ ትንፋሽ ተይዞ የሚያልቅ ሲቲ ነው። ጨረሩ 1 ሚሊሲቨርት አካባቢ ነው፤ አንድ ሰው በዓመት ከተፈጥሮ የሚያገኘው በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። የአጋትስተን ነጥብ የሚባለው አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ በሲቲ መለኪያ ከ130 ሃውንስፊልድ በላይ የሆነውን የካልሲየም ክምችት በስፋቱና በጥግግቱ አባዝቶ ይደምራል። ውጤቱ 0፣ ከ1 እስከ 99፣ ከ100 እስከ 399፣ 400 እና ከዚያ በላይ ተብሎ ይነበባል።

ጥንካሬው የሚታየው ምንም ሕመም የማይሰማው ሰው "ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን መድኃኒት) ልጀምር ወይስ ልቆይ?" ብሎ ሲያመነታ ነው። 0 ከወጣ፣ ለሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ስጋቱ ዝቅተኛ መሆኑን በአንጻራዊ እምነት መናገር ይቻላል። 300 ከወጣ ማመንታቱ ያበቃል።

ነገር ግን ካልሲየም አደገኛውን ፕላክ ራሱን አያሳይም። የሚቆጥረው በአብዛኛው የዳነ ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ የበዛበት ግድግዳ ደግሞ ያልዳነም ቁስል ሊኖረው እንደሚችል ይጠቁማል። ለስላሳውን ፕላክ በጭራሽ አያየውም። በዚህ ምክንያት ደረቱን እያመመው ለመጣ የ38 ዓመት ሰው "ስኮርህ ዜሮ ነው፣ ሂድ" ማለት አያስተማምንም፤ በወጣት ላይ ፕላኩ ካልሲየም ለማውጣት ገና ጊዜ አላገኘም።

አንድ ስህተት ደግሞ አለ፣ ሰው የሚደነግጥበት። ስታቲን ጀምሮ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ስኮሩን የደገመ ሰው ቁጥሩ አድጎ ያገኘዋል። "መድኃኒቱ አልሠራም" ብሎ የሚያቆም አለ። ስታቲን ለስላሳውን ፕላክ እያደረቀ ወደ ካልሲየም ስለሚለውጠው ቁጥሩ ቢጨምርም ፕላኩ የተረጋጋ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ላይ ላለ ሰው ስኮሩን መደጋገም የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙም አይታየኝም።

የልብ ሲቲ አንጂዮግራፊ፦ ከሰውነት ውጭ ሆኖ ግድግዳውን ማየት

ለአብዛኛው ሰው ጥያቄ ይበልጥ የሚመልሰው ይሄኛው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ቆም እንበልበት።

ተመርማሪው አልጋው ላይ ይጋደማል፣ ደረቱ ላይ የኢሲጂ ማጣበቂያዎች ይለጠፋሉ። የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 እስከ 65 በላይ ከሆነ ምቱን የሚያቀዘቅዝ ቤታ ብሎከር የሚባል መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ልብ ስትሮጥ ምስሉ ይደበዝዛል። ከምላስ ሥር ናይትሮግሊሰሪን ይደረግለታል፣ ቧንቧዎቹ እንዲሰፉ። (ለወሲብ ብርታት የሚወሰዱ እንደ ሲልዴናፊል ያሉ መድኃኒቶችን የወሰደ ሰው ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። በሰው ፊት ስለሚያፍሩ ብዙዎች ይደብቁታል።) ከዚያ በክንድ የገባው የአዮዲን ኮንትራስት ሰውነትን ድንገት ያሞቀዋል፣ ሽንት ያመለጠ ያህል ይሰማል፤ "ትንፋሽ ይያዙ" የሚለው ድምፅ ይመጣል፣ በሰከንዶች ውስጥ አለቀ።

ምስሉ ላይ አንባቢው አራት ነገር ይፈልጋል። የመጀመሪያው ጥቁረት ነው፦ በሃውንስፊልድ መለኪያ ውኃ 0 ነው፣ ቅባት ከዜሮ በታች፣ ካልሲየም በጣም ከፍ ያለ። ከ30 በታች የወረደ ፕላክ እምብርቱ ቅባት መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው ቧንቧው ፕላኩ ባለበት ቦታ ከጤነኛው ክፍል ከ10 በመቶ በላይ ወደ ውጭ መስፋቱ ነው፤ ግላጎቭ ያለው እሱ ነው። ሦስተኛው ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሱ የተበታተኑ የካልሲየም ነጠብጣቦች ናቸው፤ ትልቁ ድንጋይ የዳነ ሲሆን ትናንሾቹ ገና በመቆጣት ላይ ያለን ፕላክ ይጠቁማሉ። አራተኛው መሐሉ ጠቆር ብሎ ዙሪያው ቀለበት የመሰለ ነጣ ያለ ጠርዝ ያለው ፕላክ ነው። ከእነዚህ ሁለትና ከዚያ በላይ ከተገኙ በተለመደው የሪፖርት አጻጻፍ "ኤች አር ፒ" (አደገኛ ፕላክ ማለት ነው) የሚል ምልክት ይጨመራል። ሪፖርት እጃችሁ ሲገባ "መጥበቡ 40 በመቶ ነው" የሚለውን ብቻ አንብባችሁ አትተዉት፤ ይህችን ምልክት ፈልጉ።

ማስረጃውም ጥሩ ነው። በስኮትላንድ 4,146 የደረት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ያካተተው ስኮት ሃርት የተባለው ጥናት በ2018 የአምስት ዓመት ውጤቱን ሲያወጣ፣ ሲቲው የተጨመረላቸው ሰዎች በልብ ቧንቧ በሽታ የመሞት ወይም ሃርት አታክ የመያዝ ድርሻቸው 2.3 በመቶ፣ ያልተጨመረላቸው 3.9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሲቲ ማንንም አያድንም፤ ለውጡን ያመጣው ምስሉን ያዩት ሐኪሞችና ሕሙማን መድኃኒቱን በጊዜ መጀመራቸው ነው ተብሎ ይታመናል። ከዚያው ጥናት በ2020 በወጣ ትንተና፣ ጥቁሩ ቅባታማ ፕላክ ከቧንቧው ይዘት ከ4 በመቶ በላይ የሆነባቸው ሰዎች ለሃርት አታክ የነበራቸው ተጋላጭነት ወደ አምስት እጥፍ የቀረበ ነበር። ይህም ከመጥበቡ መጠንም ከካልሲየም ስኮሩም የተሻለ ትንቢት ሆኗል።

አሁን 65ቱን እናምጣት። የተለመደው የልብ ሲቲ የሚለየው ትንሹ ነገር ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 500 ማይክሮን ገደማ ነው። ከክዳኑ ስምንት እጥፍ ይወፍራል! ስለዚህ ሲቲ ክዳኑን አያየውም፤ ከአካባቢው ሁኔታ ይገምተዋል። ፎቶን ቆጣሪ የሚባሉት አዳዲሶቹ ሲቲዎች፣ የመጀመሪያው በ2021 በአሜሪካ ለሕክምና የተፈቀደው፣ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ወርደዋል። ያም ቢሆን ክዳኑ ጋ አልደረሰም። ሌላ መንገድ የያዙ ተመራማሪዎች ደግሞ ቧንቧውን ትተው በዙሪያው ያለውን ስብ ይለካሉ፤ ግድግዳው ሲቆጣ የስቡ የሲቲ ቁጥር ከፍ ይላል። በ2018 የወጣ ጥናት ይህን ለአደጋ መለያ አድርጎታል። ተስፋ ያለው ነው፣ በየቦታው ግን አይገኝም።

ሲቲው የማይመቸው ለማን ነው? ካልሲየሙ በጣም ለበዛበት ሰው ነው፤ ድንጋዩ ምስሉ ላይ አብጦ አጠገቡ ያለውን ይሸፍነዋል። ምቱ ለተዘበራረቀ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር የጠበበ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ጥልፍ) ለገባለት፣ ለአዮዲን ከባድ አለርጂ ላለበት፣ ኩላሊቱ ለደከመም እንዲሁ።

አንገት ላይ፦ አልትራሳውንድና ኤምአርአይ

የአንገት ቧንቧ ለምርመራ የታደለ ነው። ከቆዳ ሥር ነው፣ ወፍራም ነው፣ አይንፈራገጥም። ስለዚህ እዚህ የሚጀመረው በአልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ ኮንትራስት አያስፈልገውም፣ ደሙ በጠበበው ቦታ በምን ፍጥነት እንደሚያልፍም ወዲያው ይለካል። ስለ አደገኛነት የሚሰጠው ፍንጭ የፕላኩ ቀለም ነው፤ ጠቁሮ የሚታየው ፕላክ ቅባት ወይም ደም የያዘ፣ ነጥቶ የሚታየው ጠባሳና ካልሲየም የበዛበት ነው። ችግሩ መሣሪያው በያዘው እጅ ልክ መሆኑ ነው። አንዱ ባለሙያ "ጠቆር ያለ" ያለውን ሌላው "መካከለኛ" ሊለው ይችላል፤ ካልሲየም ካለም ከኋላው ጥላ ጥሎ ይሸፍናል።

ኤምአርአይ እዚህ ልዩ ችሎታ አለው፦ በፕላኩ ውስጥ የፈሰሰ ደምን ያያል። ፕላኩ ውስጥ የበቀሉት ደካማ ጥቃቅን ቧንቧዎች ሲቀደዱ የሚፈሰው ደም ወደ ሜትሄሞግሎቢን ይለወጣል፤ ይህ ደግሞ የስቡ ብርሃን በተቀነሰበት ቲ1 በሚባለው ምስል ላይ ያለ ምንም ኮንትራስት ቦግ ብሎ ይታያል። ያ ብርሃን የታየበት ሰው የስትሮክ ስጋቱ ካልታየበት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ መጥበቡ ከ50 በመቶ በታች ሆኖ እንኳ። የክዳኑን ሁኔታ ለማየት ግን ጋዶሊኒየም የሚባለው የኤምአርአይ ኮንትራስት ይፈለጋል።

እንግዲህ መነሻው ያልታወቀ ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ የአካል መስነፍ የደረሰበት፣ በአልትራሳውንድ "መጥበቡ ቀላል ነው" የተባለ ሰው ካለ፣ ኤምአርአዩ ዋጋ የሚያወጣው ለእሱ ነው። ምንም ሳይሰማው "ቼክ አፕ" ለሚፈልግ ሰው ግን አልትራሳውንዱ በቂ ነው። ለልብ ቧንቧስ? ኤምአርአይ በዚያ ይደክማል፤ ልብም ትንፋሽም እያንቀሳቀሱበት ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ነገር በጥራት መያዝ አይሆንለትም።

ፔት፦ ብግነቱን ማየት

ሌሎቹ ቅርጽ ሲያሳዩ ፔት ሥራ ያሳያል። ጨረር የተጨመረበት ስኳር ሲወጋ የተቆጡት ሴሎች ስለሚሻሙት የተቆጣው ፕላክ ያበራል። ለአንገትና ከልብ ለሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ (አኦርታ) ጥሩ ነው፤ ለልብ ግን የልብ ጡንቻው ራሱ ስኳሩን ስለሚውጠው የፕላኩ ብርሃን ይጠፋል። በሶዲየም ፍሎራይድ የሚሠራው ሌላው ዓይነት ገና በመፈጠር ላይ ያለን ጥቃቅን ካልሲየም ያሳያል፤ በ2014 በታተመ ጥናት ሃርት አታክ ከያዛቸው 40 ሰዎች በ37ቱ አደጋውን ያደረሰው ፕላክ ከሌሎቹ ይልቅ አብርቶ ተገኝቷል። ያጓጓል፤ ይሁንና ዛሬም ቢሆን ከምርምር ማዕከላት ብዙም አልወጣም። "ፔት ልነሣ" ብሎ መሄድ አያዋጣም።

ከቧንቧው ውስጥ ሆኖ ማየት

በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ገብቶ የሚሠራው አንጂዮግራም ከ1958 ወዲህ የልብ ሕክምና ምሰሶ ነው። ግን የሚያሳየው በቧንቧው ውስጥ የሚፈሰውን ኮንትራስት ጥላ ብቻ ነው። ግድግዳውን አያይም። ወደ ውጭ ያበጠ አደገኛ ፕላክ በአንጂዮግራም ላይ ለስላሳ፣ ጤነኛ ቧንቧ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው በዚያው ካቴተር ውስጥ ጥቃቅን መመልከቻዎች የሚላኩት።

አይቫስ የሚባለው ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለበት ሽቦ ነው። ከ100 እስከ 150 ማይክሮን የሆነውን ይለያል፣ ግድግዳውንም እስከ ውጭኛው ጠርዝ ድረስ ያያል። ስለዚህ "ፕላኩ በጠቅላላው ምን ያህል ነው?" ለሚለው ጥያቄ የሚስተካከለው የለም። ክዳኑ ግን አሁንም ያመልጠዋል።

ኦሲቲ በድምፅ ፈንታ የኢንፍራሬድ ብርሃን ይጠቀማል። ከ10 እስከ 20 ማይክሮን! 65 ማይክሮኗ ክዳን በቀጥታ የምትለካው እዚህ ብቻ ነው። ደም ብርሃኑን ስለሚጋርድ ለጥቂት ሰከንዶች በኮንትራስት ይታጠባል፤ ሽቦው ወደ ኋላ ሲሳብ ስክሪኑ ላይ የቧንቧው ክብ ቁርጥ ምስል እየተከታተለ ያልፋል። ጤነኛው ግድግዳ ሦስት ንብርብር ሆኖ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ድንገት በአንድ ወገን ንብርብሩ ይጠፋል፤ ጠርዙ የተድበሰበሰ ጥቁር ጉም ይመጣል፣ በላዩ ቀጭን ብሩህ መስመር ብቻ ይቀራል። ጉሙ ቅባቱ ነው፣ መስመሯ ክዳኑ። ጉሙ ከክቡ ግማሽ በላይ ከያዘና መስመሯ ከሳሳች ክፍሉ ውስጥ ያለው ወሬ ጸጥ ይላል። ድክመቱ ጥልቀት ነው፤ ብርሃኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገብቶ ያልቃል፣ በቅባት ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ተጨማሪ ኮንትራስትም ስለሚፈልግ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አይመረጥም።

ሦስተኛው፣ ኒርስ የሚባለው፣ ምስል እንኳ አይሰጥም፤ ኬሚስትሪ ያነባል። ቅባት ያለበትን ቢጫ፣ የሌለበትን ቀይ አድርጎ ካርታ ይሥላል። ብዙ ጊዜ ከአይቫስ ጋር በአንድ ካቴተር ይመጣል። በ2019 በታተመ ጥናት፣ በ4 ሚሊ ሜትር ክፍል ውስጥ የቅባት መለኪያው ከ400 ያለፈበት ቦታ ወደፊት ችግር የመፍጠር ዕድሉ ወደ አራት እጥፍ ከፍ ብሎ ታይቷል።

ከሦስቱ የቱ? ስቴንት የሚያስገባው ሐኪም በእጁ የለመደውን ይመርጣል፣ በውጤትም ይህ ስህተት አይደለም። ክዳኑን ለማየት ኦሲቲ፣ ጠቅላላ መጠኑን ለማወቅና ኩላሊት ለመቆጠብ አይቫስ፣ የቅባቱን መኖር ያለ ክርክር ለመለየት ኒርስ። ሁሉም ግን ካቴተር ልብ ድረስ የሚያስገቡ ናቸው፤ ለዚህ ብቻ ተብሎ ማንም ወደ ካቴተር ክፍል መግባት የለበትም። በሌላ ምክንያት እዚያ ከገባ ሌላ ነው።

ቢገኝስ ምን ይለወጣል?

ከምርመራው በፊት ለሐኪሙ መቅረብ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። በ2011 የታተመው ፕሮስፔክት የተባለ ጥናት 697 ሕሙማንን በአይቫስ ተከታትሎ፣ ሦስቱንም ክፉ ምልክት (ቧንቧውን ከ70 በመቶ በላይ የሞላ፣ መተላለፊያው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ፣ ከምስሉ ስስ ክዳን አለው ተብሎ የተገመተ) ያሟሉ ፕላኮች እንኳ በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ችግር ያመጡት 18 በመቶ ያህሉ መሆናቸውን አሳየ። ከአምስቱ አራቱ ዝም ብለዋል ማለት ነው። ብዙ ፕላክ ተሰንጥቆ ሰውየው ሳያውቅ ይድናል። ስለዚህ "አደገኛ ፕላክ ተገኘብህ" ማለት ያ ቦታ ይፈነዳል ማለት አይደለም፤ ሰውየው በጠቅላላው ተጋላጭ ነው ማለት ነው።

ታዲያ የተገኘውን በስቴንት መድፈን? በ2024 ውጤቱ የወጣው ፕሪቬንት የተባለው ጥናት 1,606 ሰዎችን ወስዶ፣ የደም ፍሰትን የማይከለክሉ ግን አደገኛ የሚመስሉ ፕላኮችን ለግማሾቹ በስቴንት ሸፈነ። በሁለት ዓመት ችግር የደረሰባቸው 0.4 በመቶ ሲሆኑ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት 3.4 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ዓይን ይስባል። ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁ አንብቡት፦ በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት ከ96 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሁለት ዓመት ውስጥ ምንም አልደረሰባቸውም። እኔ ብሆን ስታቲኑን አጥብቄ እይዛለሁ፤ ክዳኑን እያወፈረ መላውን የቧንቧ ሥርዓት የሚደርስ እሱ ነው፣ ስቴንት የሚደርሰው አንድ ቦታ ነው።

ስለዚህ ሕመም የሌለው፣ ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ መድኃኒት ለመጀመር የሚያመነታ ሰው ካልሲየም ስኮር ይበቃዋል። ከወዲሁ ስታቲን እንዲወስድ የተወሰነ ከሆነ ያም አያስፈልግም። ደረቱን የሚያመው፣ የልብ በሽታው ገና ያልታወቀ ሰው የልብ ሲቲ ይሻለዋል። ዕረፍት ላይ እያለ ደረቱን ከጥቂት ደቂቃ በላይ ጨምድዶ የያዘው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይምረጥ፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

አንድ ተግባራዊ ነገር። ምርመራው ሲያልቅ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ ተቀበሉ፣ ምርመራው የተሠራበት የኤክስሬይ ኪሎቮልትም (የጨረሩ ጉልበት መለኪያ) ሪፖርቱ ላይ መጻፉን ተመልከቱ። የሃውንስፊልድ ቁጥር በ100 ኪሎቮልትና በ120 ኪሎቮልት አንድ አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ "ፕላኩ ተለውጧል" የሚል አንባቢ ሲመጣ፣ የተለወጠው ፕላኩ ይሁን ማሽኑ ለመለየት ያቺ ሲዲ ታስፈልገዋለች።